ከሽንብራ ዱቄት የሚጋገር ቂጣ
በጣሊያን ጄኖቫ ፋሪናታ፣ በፈረንሳይ ኒስ ደግሞ ሶካ የሚባለው ስስ ቂጣ ስንዴም ሆነ ጤፍ አይገባበትም፤ ዱቄቱ የሽንብራ ነው። የሽሮ ዱቄት ቅመም ስላለበት አይሆንም፤ ሽንብራው ብቻውን መፈጨት አለበት። አንድ እጅ ዱቄት በሦስት እጅ ውኃ በክብደት ተለክቶ ይበጠበጥና ጨው ተጨምሮበት ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል። ይህ ቆይታ ፈጽሞ ሊዘለል አይገባም፤ ዱቄቱ ውኃውን በደንብ የሚጠጣው ያኔ ነው። ላዩ ላይ የተንሳፈፈው አረፋ በማንኪያ ይገፈፋል።

ጄኖቫ ውስጥ በሰፊ የመዳብ ትሪ፣ በእንጨት እሳት ይጋገራል፤ ለቤት ግን ምድጃ ውስጥ የሚገባ የብረት መጥበሻ ይበቃል። የወይራ ዘይት ሳይሰሰት ይፈስበታል፤ ብጥብጡ ከግማሽ ሳንቲሜትር ሳይወፍር ይገለበጥበትና በጣም የጋለ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ጠርዙ ሲደርቅና ላዩ ወርቃማ ሲሆን፣ መሃሉ ገና ለስላሳ እያለ ይወጣል። ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት በትኩሱ ይበላል።