ከሜዳ መሐል እስከ ፍርድ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምነግራችሁ ስለ አንድ ቻይናዊ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ ስሙ ሊ ቲዬ ይባላል። ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሊ ቲዬ በ1977 በሼንያንግ ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ኳስ እንዲማሩ ወደ ብራዚል ከተላኩት ወጣቶች ጋር ሄደ፤ ተመልሶም ለልያውኒንግ ቡድን ተጫወተ። ቦታው የሜዳው መሐል ነበር። ጎል ላገባ ሁሉ ያጨበጭባል፤ የመሐሉ ተጫዋች ግን ከተጋጣሚ ኳስ እየነጠቀ ለጓደኛው ሲያቀብልና ሲሮጥ ይውላል እንጂ ብዙ አይመሰገንም። እርሱ የታወቀው በዚሁ ባለመታከቱ ነው። በ2002 ቻይና ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ስትደርስ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ለኤቨርተን ገባ፤ በመጀመሪያው ዓመት በሊጉ 29 ጊዜ ተጫወተ። በ2004 ግን እግሩ ተሰበረና ከሜዳ ራቀ።

መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ2018 የዉሃንን ቡድን ወደ ከፍተኛው ሊግ አወጣ፤ በ2020 የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ። እናት አገሩ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር ትስጠው?

ነገር ግን በ2024 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሹመቱን በገንዘብ እንዳገኘ፣ የግጥሚያ ውጤትም በገንዘብ እንደ ተገዛ ተናዘዘ። ባልተገባ መንገድ ማሸነፍ ቀስ በቀስ ልማድ እንደ ሆነበት ገለጸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍርድ ቤት የ20 ዓመት እሥራት ፈረደበት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህ ሰው ሰነፍ አልነበረም። እግሩ ለመሮጥ ያልታከተ ሰው ልቡ ግን በአቋራጭ ሄደ። እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ያላት ሌባ ትዝ ይለናል።

እኔም እንቁላል አለብኝ። ባለፈው ዓመት በክፍሎች ግጥሚያ ያገባኋት ጎል በእጄ ነክቻት ነበረች። ዳኛው አላየም፤ ጓደኞቼ ተሸክመውኝ ሲጨፍሩ ዝም አልሁ። የዚያን ቀን የተሸነፋችሁት ልጆች ዛሬ በፊቴ ተቀምጣችኋል። ይቅርታ አድርጉልኝ። ገና በእንቁላሉ ሳለሁ መናገር ይሻለኛል።