ስለ ስዊች አመራረጥ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ለመሥሪያ ቤት የኔትወርክ ስዊች ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሰፍረው የመሰኪያው ብዛትና ፍጥነቱ ብቻ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውም ያሸንፋል። ይሁን እንጂ ስዊች ዛሬ የመረጃ አስተላላፊ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይል አከፋፋይም ሆኗል፤ የጠረጴዛ ስልኩ፣ የጥበቃ ካሜራውና የዋይፋይ ማሠራጫው ኃይል የሚያገኙት በዚያው በመረጃው ገመድ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደረጃ ለአንድ መሰኪያ እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው ደግሞ እስከ 30 ዋት ይፈቅዳል። ነገር ግን የአንዱ መሰኪያ ጣሪያና የስዊቹ ጠቅላላ አቅም ለየቅል ናቸው። እያንዳንዳቸው 30 ዋት የሚወስዱ 24 መሣሪያዎች 720 ዋት ይፈልጋሉ፤ የስዊቹ ጠቅላላ አቅም 370 ዋት ከሆነ ግን 13ኛው መሣሪያ ቢሰካም አይበራም።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ቁጥጥር ነው። የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎች በስሕተት በአንድ ስዊች ላይ ቢሰኩ፣ መልእክቱ ያለማቋረጥ እየዞረና እየበዛ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በሙሉ ሊያቆም ይችላል። ይህን የሚከላከለው «ስፓኒንግ ትሪ» የተባለው ዘዴ በርካሾቹ ስዊቾች ላይ ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

ስለሆነም ሰነድ የምናዘጋጅ ባለሙያዎች የየመሣሪያውን ዋት ደምረን፣ ለወደፊቱ ዕድገት መጠባበቂያ ጨምረን፣ ጠቅላላውን የኃይል አቅምና ይህንን መከላከያ በግልጽ ልናሰፍር ይገባናል። በሰነዱ ያልተጻፈውን ሻጩ እንዲያቀርብ ማስገደድ አይቻልምና።