ጥርሱ ያለቀ የጋሪ ፈረስ ምን ይብላ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ፈረስ ሲያረጅና ሲከሳ «በቃ፣ አበቃለት» ብሎ አስፋልት ዳር መልቀቅ በከተሞቻችን ተለምዷል። እስቲ ከመልቀቃችን በፊት አፉን እንየው። ጥርሱ ያለቀ ወይም ሾሎ ጉንጩን የሚወጋው ፈረስ ድርቆሹን አላምጦ አላምጦ ጠቅልሎ ይጥለዋል፤ ገብሱም ሳይደቅ ከነፍሬው በፋንድያው ይወጣል። እንግዲህ ይህ ፈረስ መኖ ፊቱ ተቆልሎ የተራበ ነው። ገብስ ተወደደ ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን በፋንድያ የሚወጣውስ በገንዘባችን የተገዛ አይደል?

የሾለውን ጥርስ የእንስሳት ሐኪም ይሞርደዋል። ያለቀው ግን አይመለስምና መኖውን ማለስለስ ነው። ገብሱ ተፈጭቶ ከፉርሽካ ጋር በውሃ ይራስ፣ ጨው ጣል ይደረግበት። ፉርሽካ ብቻውን ለአጥንቱ አይበጅም፤ ለስላሳ ሣር ወይም አልፋልፋ ይታከልበት። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፣ የከበደውንም ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ነው የሚሰጠው። አዲሱንም መኖ ባንድ ቀን ሳይሆን በ10 ቀን ውስጥ እያስለመዳችሁ ስጡት።

ውሃውን ደግሞ አደራ። በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይፈልጋል፤ ደረቅ ጭድ በልቶ ውሃ ያጣ ሽማግሌ ፈረስ አንጀቱ ይታገድና በቁርጠት ሊሞት ይችላል።