ትክክለኛነት፣ ኃይል፣ ፍጥነት፦ የተግባራዊ ሽጉጥ ተኩስ የዓለም ሻምፒዮና

ተግባራዊ የሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪው እየሮጠ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣ በግድግዳ ጥግና በመስኮት በኩል እየቃኘ ብዙ ኢላማዎችን በአጭር ጊዜ የሚመታበት ስፖርት ነው። የስፖርቱ ከፍተኛ መድረክ በአብዛኛው በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደውና በዓለም ዙሪያ «ወርልድ ሹት» በሚል ስም የሚታወቀው የሽጉጥ የዓለም ሻምፒዮና ነው። የሚመራው ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ በምህጻረ ቃል አይፒኤስሲ ሲሆን ደንቡን የሚያወጣውና ዳኞችን የሚያሠለጥነውም እርሱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱን ለመረዳት በኦሊምፒክ ከሚታወቀው ተኩስ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ተኩስ ከ1896ቱ የአቴንስ ጨዋታዎች ጀምሮ የዘመናዊው ኦሊምፒክ አካል ነው። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ተወዳዳሪ ከተወሰነለት መስመር ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ እጁ አነጣጥሮ፣ ትንፋሹን ገዝቶ ይተኩሳል። በ25 ሜትሩ የፈጣን ተኩስ ውድድርም ቢሆን አምስት ጥይት በ8፣ በ6 እና በ4 ሰከንድ ውስጥ ይተኮሳል እንጂ ርቀቱም ኢላማውም አይለወጥም። በተግባራዊ ተኩስ ግን ርቀቱ፣ የኢላማው ብዛት፣ የመነሻው አቋምና የሚኬድበት መንገድ ከፈተና ፈተና ይለያያል። ተወዳዳሪው አስቀድሞ በልምምድ የሸመደደውን የሚደግምበት ዕድል የለም፤ በየፈተናው አዲስ ችግር ይቀርብለታል፤ መፍትሔውንም ራሱ ይመርጣል።

የስፖርቱ ሥር የሚገኘው በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ሽጉጥ የሚተኮሰው በአብዛኛው በአንድ እጅ ነበር። የአሜሪካ ማሪን ጦር መኮንን የነበረው ጄፍ ኩፐርና ባልደረቦቹ ግን ነጻ ውድድር እያዘጋጁ ማንኛውም አተኳኮስ በውጤቱ እንዲፈተን አደረጉ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ የሎስ አንጀለስ አውራጃ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ጃክ ዊቨር፣ ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ዓይኑ ከፍታ በማንሳት መተኮስ ጀመረ። ውጤቱ የቀድሞውን ልማድ ስለበለጠው ሌሎችም ተከተሉት። የውድድሩ መሠረታዊ እምነት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፤ የተሻለውን መንገድ የሚወስነው ልማድ ወይም ማዕረግ ሳይሆን በሰዓትና በኢላማ ላይ የተመዘገበ ውጤት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1975 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ተካሂዶ አሜሪካዊው ሬይ ቻፕማን አሸነፈ። ኮንፌዴሬሽኑ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በግንቦት ወር 1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት በኮሎምቢያ ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ ነው። ኩፐር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። መሪ ቃል ሆነው የተመረጡትም ትክክለኛነት፣ ኃይልና ፍጥነት የሚል ትርጉም ያላቸው ሦስት የላቲን ቃላት ናቸው። የውድድሩ ደንብ በሙሉ እነዚህን ሦስቱን ሚዛን ለማስጠበቅ የተደረገ ጥረት ነው ማለት ይቻላል።

ሻምፒዮናው ከዙሪክ በኋላ ብዙ አገሮችን ዞሯል። በ1976 ኦስትሪያ ዛልዝቡርግ፣ በ1990 አውስትራሊያ አዴሌድ፣ በ1993 እንግሊዝ ቢዝሊ፣ በ1999 ፊሊፒንስ ሴቡ፣ በ2005 ኢኳዶር ጓያኪል፣ በ2008 ኢንዶኔዥያ ባሊ፣ በ2011 ግሪክ ሮድስ፣ በ2014 አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በ2017 ፈረንሳይ ሻቶሩ ላይ ተካሂዷል። በ2020 ታይላንድ ውስጥ ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2022 ተሸጋገረ። ቀጣዩ በ2025 በደቡብ አፍሪካ ተደርጓል።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያላት ስፍራ ሰፊ ነው፤ መነሻው ግን የሚያኮራ አይደለም። ሦስተኛው ሻምፒዮና በ1977 የተካሄደው በሶልዝበሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ ነበር። አገሪቱ ያኔ ሮዴዥያ ትባል ነበር፤ ጥቂት ነጮች ብዙኃኑን ጥቁር ሕዝብ ይገዙ ነበር፤ የነጻነት ጦርነቱም እየተፋፋመ ነበር። ተከታዮቹ ሁለት ሻምፒዮናዎች፣ የ1979 እና የ1981፣ በአፓርታይድ ሥር በነበረችው ደቡብ አፍሪካ ተደረጉ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከኦሊምፒክ ከተገለለች ያኔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የተኩስ ውድድሩ አዘጋጆች ሌላው የስፖርት ዓለም በሩን የዘጋባቸውን መንግሥታት አስተናጋጅ አድርገው መምረጣቸው በስፖርቱ መዝገብ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው። ሻምፒዮናው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተመለሰው በ2002፣ አፓርታይድ ከተገረሰሰ በኋላ ነው።

ከአሸናፊዎቹ መካከል ሁለት ስሞች ጎልተው ይነሳሉ። አሜሪካዊው ሮብ ሌታም በ1983፣ በ1986 እና በ1988 በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸንፏል። ፈረንሳዊው ኤሪክ ግሮፌል ደግሞ በ1999 በወጣትነቱ ያገኘውን የኦፕን ምድብ ዋንጫ በ2002፣ በ2005 እና በ2008 ሳያስነካ ጠብቆ በስፖርቱ ታሪክ ከታላላቆቹ ተርታ ተሰልፏል።

መሣሪያዎች እጅግ ስለሚለያዩ ተወዳዳሪዎች በምድብ ይከፈላሉ። በኦፕን ምድብ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ መነጽርና ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ ላይ እንዳይነሳ የሚያግዝ የአፈሙዝ ማስተንፈሻ ይፈቀዳሉ። በስታንዳርድ ምድብ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው፤ ሽጉጡም ከነካዝናው በተወሰነ መጠን ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት። ክላሲክ በሞዴል 1911 ቅርጽ ለተሠሩ ሽጉጦች፣ ፕሮዳክሽን ከፋብሪካ እንደወጡ ብዙም ላልተለወጡ፣ ፕሮዳክሽን ኦፕቲክስ መነጽር ለተገጠመላቸው ተመሳሳይ ሽጉጦች የተመደቡ ሲሆኑ ሪቮልቨር ደግሞ ባለተሽከርካሪ ጎታ ሽጉጥ የሚይዙ ተወዳዳሪዎች ምድብ ነው። በየምድቡ ለሴቶች፣ ለወጣቶችና በዕድሜ ለገፉ ተወዳዳሪዎች የተለየ ደረጃ ይሰጣል። የሴቶች ውጤት ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ፈተናው፣ ኢላማውና ሰዓቱ ከወንዶቹ ጋር አንድ ነው።

ፈተናዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አጭሩ ፈተና ቢበዛ 12፣ መካከለኛው 24፣ ረጅሙ 32 ጥይት ይጠይቃል። በመካከለኛና በረጅም ፈተና ከአንድ ቦታ ሆኖ ከ9 በላይ ነጥብ የሚያስገኝ ምት የሚጠይቅ አሠራር አይፈቀድም፤ ሁሉንም ኢላማ ከአንድ ቦታ መምታት የሚያስችል አሠራርም እንዲሁ። ስለዚህ ተወዳዳሪው የግድ ይንቀሳቀሳል። ኢላማዎቹ ከካርቶን የተሠሩ ባለስምንት ጎን ሰሌዳዎች ወይም ሲመቱ የሚወድቁ ብረቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ይወዛወዛሉ፤ ሌሎቹ ለቅጽበት ታይተው ይሰወራሉ። በመካከላቸው መመታት የሌለባቸው ኢላማዎች ይቆማሉ፤ እነርሱን የመታ ይቀጣል።

የካርቶኑ ኢላማ በሦስት ክልል የተከፈለ ነው። መካከለኛው ክልል ለማንኛውም ተወዳዳሪ 5 ነጥብ ያስገኛል። ከመካከሉ ሲወጣ ግን የጥይቱ ኃይል ልዩነት ያመጣል። ኃይሉ የሚሰላው የጥይቱን አረር ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሰከንድ በጫማ ለክቶ፣ ሁለቱን አባዝቶ ለ1,000 በማካፈል ነው። 180 ግሬን የሚመዝን አረር በሰከንድ 950 ጫማ ቢጓዝ ውጤቱ 171 ይሆናል። በስታንዳርድ ምድብ 170 የደረሰ ጥይት በከፍተኛ ኃይል ይመደባል፤ ዝቅተኛው ወሰን ደግሞ 125 ነው። ከፍተኛ ኃይል ያለው ጥይት በሁለተኛው ክልል 4፣ በሦስተኛው 2 ነጥብ ሲያስገኝ ዝቅተኛው በዚያው ቦታ 3 እና 1 ብቻ ያስገኛል። ኃይለኛ ጥይት እጅን አጥብቆ ስለሚመታ ለመቆጣጠር ይከብዳል፤ ተጨማሪው ነጥብ የዚያ ካሣ ነው። ማንም እንዳያጭበረብር ዳኞች ከየተወዳዳሪው ጥይት ናሙና ወስደው አረሩን ይመዝናሉ፤ ፍጥነቱንም በመሣሪያ ይለካሉ። ከዝቅተኛው ወሰን በታች የሆነ ጥይት የያዘ ተወዳዳሪ መተኮስ ቢችልም ነጥብ አይያዝለትም።

የውጤቱ ስሌት የስፖርቱ ልብ ነው። ተወዳዳሪው ያገኘው ነጥብ ተደምሮ፣ ቅጣቱ ተቀንሶ፣ የተረፈው በወሰደበት ሰከንድ ይካፈላል። በየፈተናው ከፍተኛውን ድርሻ ያገኘ የፈተናውን ሙሉ ነጥብ ይወስዳል፤ የቀሩት ከእርሱ ጋር እየተነጻጸሩ የድርሻቸውን ያገኛሉ። ለምሳሌ 160 ነጥብ ባለው ረጅም ፈተና አንዱ 150 ነጥብ በ20 ሰከንድ ቢያገኝ ድርሻው 7.5 ነው። ሌላው 140 ነጥብ በ17.5 ሰከንድ ቢያገኝ ድርሻው 8 ይሆናል፤ አንደኛ ወጥቶ 160ውን ሙሉ ሲወስድ የመጀመሪያው 150 ያገኛል። እዚህ ላይ የፈጠነው በለጠ። ይሁንና ይኸው ፈጣን ተኳሽ በመካከለኛው ክልል ካሳረፋቸው ምቶች ሁለቱን ቢስት ኖሮ የሁለቱን 10 ነጥብ ያጣል፤ በየስህተቱ 10 ነጥብ ቅጣት ስለሚታከልበትም ከ140 ወደ 110 ይወርዳል። ድርሻው 6.3 ገደማ ስለሚሆን ቀዳሚነቱን ያጣል። ጥድፊያ ብቻውን አያሸንፍም፤ ዘገምተኛ ጥንቃቄም ብቻውን አያሸንፍም።

በሻምፒዮናው ቀናት ተወዳዳሪዎች በቡድን ተከፋፍለው ከፈተና ወደ ፈተና ይዘዋወራሉ። ከመተኮሳቸው በፊት ፈተናውን በባዶ እጅ እየተራመዱ የሚያጠኑበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል። የትኛውን ኢላማ ከየት እንደሚመቱ፣ በየትኛው እርምጃ ላይ ካዝና እንደሚቀይሩ የሚወስኑት ያኔ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው መንገዱን በሐሳባቸው ይደጋግሙታል። በአገር ደረጃ ደግሞ አራት ሰው ያለው ቡድን ይሰለፋል፤ የሦስቱ የተሻለ ውጤት ይደመራል።

ተራው የደረሰ ተወዳዳሪ በዳኛው ትዕዛዝ ሽጉጡን አጉርሶ ወደ አፎቱ ይመልሳል። በሻምፒዮናው ላይ ትዕዛዙ ለሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ከየትም አገር የመጣ ተወዳዳሪ የሚሰማው ያንኑ ቃል ነው። ዳኛው ዝግጁነቱን ጠይቆ፣ ተጠባበቅ ብሎ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የኤሌክትሮኒክ ሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ሰዓቱ የመጨረሻውን ተኩስ ድምፅ ይዞ ጊዜውን ይመዘግባል። ሲያበቃ ተወዳዳሪው ሽጉጡን አራግፎ ባዶነቱን ለዳኛው ያሳያል፤ ሜዳው ነጻ መሆኑ እስኪታወጅ ድረስም ማንም ወደ ኢላማዎቹ አይራመድም።

ከሁሉም በላይ የቆመው የደኅንነት ደንብ ነው። ከተኩስ ተራ ውጪ ማንኛውም ሽጉጥ ባዶ ሆኖ በአፎቱ ይቀመጣል። ለመፈተሽ ወይም ለመለማመድ ቢፈለግ የተለየ የደኅንነት ስፍራ አለ፤ በዚያም ጥይት መንካት ክልክል ነው። የጆሮና የዓይን መከላከያ ለተኳሹም ለተመልካቹም አስፈላጊ ነው። በተኩስ ላይ እያለ አፈሙዙን ከተፈቀደው 90 ዲግሪ ያሳለፈ፣ ሽጉጡ ከእጁ የወደቀበት፣ ሳያስብ ያባረቀ ተወዳዳሪ ወዲያውኑ ከሻምፒዮናው ይሰናበታል። ለዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ማስጠንቀቂያ ወይም ሁለተኛ ዕድል የለም። ወታደራዊ ልብስ ለብሶ መወዳደርም ወታደር ወይም ፖሊስ ላልሆነ ሰው አይበረታታም፤ ሜዳው የስፖርት ሜዳ ሆኖ መታየት አለበትና።

ይህ ጥብቅነት ምክንያት አለው፤ ስፖርቱ የሚኖረው ሕዝብ እስካመነው ድረስ ብቻ ነው። የብሪታንያ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። አገሪቱ በ1993 በቢዝሊ ሻምፒዮናውን አስተናግዳ ነበር። በመጋቢት 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ አንድ ታጣቂ በሕጋዊ ፈቃድ በያዛቸው ሽጉጦች 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት በትምህርት ቤት ውስጥ ገደለ። በዓመቱ የወጣው ሕግ የግል ሽጉጥን ከሞላ ጎደል አገደ። በዚህም ምክንያት በ2012 ለንደን ኦሊምፒክን ስታስተናግድ ለሽጉጥ ውድድሮቹ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አስፈልጓል። ብዙ ተኳሾች ሕጉ ንጹሐንን ቀጣ ብለው አዝነዋል፤ ነገር ግን የልጆች ሕይወት በአንድ በኩል፣ መዝናኛ በሌላ በኩል ሲመዘኑ ሕዝቡ የወሰደው ውሳኔ ሊያስገርም አይገባም። በአንጻሩ የ2017ቱን ሻምፒዮና ያስተናገደችው ሻቶሩ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የተኩስ ውድድሮች የተካሄዱባት ከተማ ሆናለች።

የዓለም ሻምፒዮናው በተወዳዳሪ ብዛት ከ1975 ወዲህ እጅግ አድጓል፤ ከ1,000 በላይ ተኳሾች በአንድ ሜዳ የሚሰበሰቡበት ጊዜ መጥቷል። ታላቅነቱ ግን በተተኮሰው ጥይት ብዛት ወይም በሽጉጡ ውድነት አይለካም። ለአደጋ የተሠራን መሣሪያ በደንብ፣ በዳኛና በግል ሥነ ሥርዓት ገርቶ የክህሎት መለኪያ ማድረጉ ነው ዋጋው። ስለዚህ ይህን ስፖርት የሚወድ ሁሉ ከዋንጫው በፊት የደኅንነቱን ደንብ ይውደድ። አንድ ግድየለሽ ተኳሽ የብዙ ጥንቁቆችን ስም ሊያጠፋ ይችላልና።