የመጋዘን በርና የጭፈራ ቤት ፈቃድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት የመሐንዲስ ሳይሆን የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሥራ ሊመስል ይችላል። ይኸውም በኢንዱስትሪ ክልል ውስጥ እስከ ሌሊት ለሚሠራ ጭፈራ ቤት ፈቃድ ስለ መስጠት ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የራሴን ስሕተት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባለንብረት በፋብሪካዎች መካከል የሚገኘውን መጋዘኑን ወደ ጭፈራ አዳራሽ ለመለወጥ ፈቃድ ጠየቀ። እኔም የሙዚቃው ድምፅ አካባቢውን ያውክ እንደሆነ መርምሬ አስተያየቴን በጽሑፍ እንድሰጥ ታዘዝሁ። በአቅራቢያው የሚያድር ቤተሰብ ስላልነበረ «የሚታወክ ነዋሪ የለም» ብዬ ፈረምሁ። የጻፍሁት እውነት ነበር፤ ነገር ግን ያልተጠየቅሁትን አልጻፍሁም። አዳራሹ ከተከፈተ በኋላ አንድ ምሽት እንደ ማንኛውም እንግዳ ገብቼ ስመለከት፣ የኋላው በር በብረት ተበይዶ አገኘሁት። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ቤቱ መጋዘን በነበረበት ጊዜ ሌባ እንዳይገባ የተደረገ መሆኑን ነገሩኝ። በማግሥቱ ለባለንብረቱም ለፈቃድ ሰጪውም ጻፍሁ፤ በሩም ተከፈተ። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ሌሊት በደኅና እንዳለፈ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

የነገሩ ሥር እንግዲህ ይህ ነው። መጋዘን የሚሠራው ዕቃ እንዳይወጣ ነው፤ አዳራሽ ግን ሰው ፈጥኖ እንዲወጣ ነው። ፈቃድ ሰጪው ስለ ድምፅ ብቻ ሲያስብ ይህ ልዩነት ከዐይኑ ይሰወራል።

ለድምፅ ብቻ መጨነቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በአሜሪካ፣ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ በዌስት ዋርዊክ ታይቷል። በዚያ የነበረው «ዘ ስቴሽን» የተባለው ጭፈራ ቤት ጎረቤት በጩኸቱ ስላማረረ፣ ድምፅ እንዲያፍን ተብሎ በመድረኩ ዙሪያ የፖሊዩሬቴን ስፖንጅ ተለጠፈ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2003 በመድረኩ ላይ የተለኮሰ ርችት ስፖንጁን አቀጣጠለው። በአንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ከአዳራሹ ብዙው ክፍል ሰው በሕይወት ሊቆይበት የማይችል ሆነ። ሌሎች መውጫዎች ቢኖሩም አብዛኛው ሰው ወደ ገባበት የፊት በር በመሮጡ በዚያው ተጨናነቀ፤ 100 ሰዎችም ሞቱ። ስፖንጁ ግድግዳው ላይ ሳለ ተቆጣጣሪ ቤቱን ጎብኝቶ ነበር፤ ነገር ግን አላስተዋለውም።

«እንግዲያውስ ጎረቤት ወደሌለበት ወደ መጋዘን ሰፈር ይሂዱ» የሚል አይጠፋም። በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ «ጎስት ሺፕ» የተባለው ቤት እንዲህ ያለ መጋዘን ነበር። የተፈቀደው ለመጋዘንነት ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ግን ሰዎች ይኖሩበት፣ በላይኛው ፎቅም የሙዚቃ ምሽት ይዘጋጅበት ነበር። በጣሪያው ላይ እሳት ሲነሣ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረም፤ ከፎቁ የሚያወርዱት ደረጃዎችም በቀጥታ ወደ ውጭ አያደርሱም ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2016 በተነሣው እሳት 36 ሰዎች አለቁ። ከተማውም በ2020 ለተጎጂዎች 32.7 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እዚያ ፈቃድ አልነበረም። በሰሜን መቄዶንያ፣ በኮቻኒ ከተማ ግን የፈቃድ ወረቀት ነበር። ቀድሞ የምንጣፍ መጋዘን በነበረው ጭፈራ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2025 ሌሊት ከርችት በተነሣ እሳት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአገሩ ባለሥልጣናትም ፈቃዱ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ አለመሆኑን ገለጹ። ከሁለቱ የምንረዳው፣ ፈቃድ የሌለው ቤት ማንም የማያየው ሲሆን፣ ያለ ልኬት የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ሐሰት መሆኑን ነው።

ታዲያ ጨርሶ እንከልክል? ይህ መድኃኒት አይመስለኝም። የሚዝናና ሰው ምንጊዜም ይኖራል፤ በግልጽ ብንከለክለው በስውር ይሰበሰባል፤ የስውር አዳራሽን መውጫ ደግሞ ማንም አይቆጥርም። የሚሻለው ፈቃዱን በልኬት ላይ ማቆም ነው።

ልኬቱም ከሙያችን የራቀ አይደለም። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ወንበር በሌለበት ቆሞ ለሚጨፍር ሰው 0.65 ካሬ ሜትር ይታሰባል። ስለዚህ 325 ካሬ ሜትር የጭፈራ ወለል 500 ሰዎች ይይዛል ማለት ነው። ለዚህ ቁጥር ቢያንስ ሁለት የተራራቁ መውጫዎች ያስፈልጋሉ፤ ከ500 ካለፈ ሦስት። በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱ መሆን አለባቸው፤ የሚገፋ ሕዝብ በር ወደ ራሱ ሊስብ አይችልምና። በኢንዱስትሪ ክልል ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ጎረቤቱ ፋብሪካ ምን ያከማቻል? የፋብሪካው ሠራተኛ የአደጋውን ደወልና የመሸሺያውን መንገድ ያውቃል፤ ሌሊት የመጣ እንግዳ ግን አያውቅም። ከዚህም ሌላ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው በቆሙ የጭነት መኪናዎች እንዳይዘጋ፣ እንግዶቹም በሚለቀቁበት ሰዓት የሚሄዱበት መንገድ መብራት ያለው እንዲሆን መታሰብ ይኖርበታል።

ክቡራን ባልደረቦቼ፣ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ቅጠሏ ከፊርማችን በላይ የምንጽፋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት። ስለዚህ ከእንግዲህ ስለ ድምፅ ብቻ የተጠየቀ አባል፣ በሮቹን በገዛ እጁ ከፍቶ ሳያይና ያየውን ሳይጽፍ እንዳይፈርም አደራ እላለሁ። ይህን አደራ በቅድሚያ የምቀበለው እኔው ነኝ።