«ቦይል» እና «ፈላ»፦ የአንድ ግሥ ትርጕም በአምቦ ውሃ ሲፈተን



የአምቦ ውሃ በብርጭቆ ሲቀዳ ሽቅብ ይፍለቀለቃል፤ ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ ነው። «ቦይል» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ የተወለደውም ከሙቀት ሳይሆን ከዚሁ ከመፍለቅለቁ ነው። በላቲን «ቡላ» አረፋ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱ «ቡሊሬ» የሚል ግሥ ወጣ፤ ፈረንሳይኛም ተቀብሎት፣ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ አሻገረው። ነባሩ ግሥ «ሲዝ» ከማድቤት ተገፍቶ ዛሬ ይበልጡን ለቍጣ ይነገራል። (ማኅበራት ለኅትመታቸው የሚሰጡት «ቡሌቲን» የሚለው ስም እንኳ የዚያው የ«ቡላ» ዘር ነው።)

የአማርኛው «ፈላ»፣ በግዕዝ «ፈልሐ»፣ ከዚህ የራቀ አይደለም። ውሃ ይፈላል፤ ጉንዳን ይፈላል፤ የተቈጣ ሰው ደሙ ይፈላል። ሆኖም እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ የሚጠቀልለውን አማርኛ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሻይ ይፈላል፣ ድንች ግን ይቀቀላል።

ለመሐንዲስ አረፋ ማየት ብቻ አይበቃውም። ከአምቦ ውሃ ሽቅብ የሚወጣው ከምድር ውስጥ በግፊት የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በማንቆርቆሪያ ግርጌ መጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅን አረፋዎችም ከውሃው የሚለቀቅ አየር እንጂ እንፋሎት አይደሉም። ውሃ በእርግጥ ፈላ የሚባለው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። ይኸውም በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አምቦ 93 ገደማ፣ በሆለታ ደግሞ 92 ገደማ ነው። በደጋ ባቄላ ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ስለዚህ ነው።

ቃሉ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው የቧንቧ ውሃ ተበክሎ «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ነው። ማንቆርቆሪያው ማዜም ሲጀምር «ፈላ» ብላ የምታወርድ እመቤት በቋንቋው አልተሳሳተችም፤ የተሳሳተው ማስታወቂያውን የጻፈው ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መመሪያ፣ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በላይ በሆነ ቦታ ግን 3 ደቂቃ እንዲቆይ ይላል። አምቦ፣ ጊንጪና ሆለታ ሁሉም ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው።

እንግዲህ «ተንተከተከ» የተባለው ግሥ በእጅ እያለ «አፍሉ» ብሎ ማለፍ አያስፈልግም፤ «ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ» ተብሎ ይጻፍ። በአምቦ ማስታወቂያው በኦሮምኛም የሚነበብ በመሆኑ፣ «ዳንፉ» ከሚለው ግሥ አጠገብም ያው የደቂቃው ቍጥር ሊሰፍር ይገባዋል።