ጠያቂም ይጠየቃል



ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ሆኖ ለመቀጠር ስለሚደረገው ቃለ መጠይቅ ነው። «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጁ ሥራ ፍለጋ ከተማ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው። እኛ ተማሪዎች ከጓደኞቻችን ጋር የብዙ ድርጅት ደጅ ጠንተናል። ያየነውን እንንገራችሁ።

ማስታወቂያው በጋዜጣ፣ በሰሌዳ ወይም በቴሌግራም ይወጣል። «ተግባቢ፣ መልካም ጠባይ ያለው፣ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። በቀጠሮው ቀን አመልካቾች በአግዳሚ ወንበር ተደርድረው ይጠብቃሉ። አንዱ ሲወጣ ሌላው «ምን ጠየቁህ?» ይለዋል።

ብዙ ጊዜ ጠያቂው እስክሪብቶ ያነሣና «እስቲ ይህን ሽጥልኝ» ይላል። አንድ ጓደኛችን «ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ አይሰበርም» እያለ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ አወደሰ። ቀጥላ የገባችው ልጅ ግን «በቀን ብዙ ይጽፋሉ? አሁን የያዙት ምን አስቸገረዎት?» ብላ ጠየቀች። ሥራውን ያገኘችው እሷ ናት። ገበያ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጎበዝ በሬ ሻጭ፣ ገዢው በሬውን ለእርሻ ይፈልገው ለእርድ ሳያጣራ ማውራት አይጀምርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ከመናገር በፊት መጠየቅና ማዳመጥ ነው።

ዋናው ነገር ግን በመጨረሻ ይመጣል። ጠያቂው «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይላል። ብዙ አመልካች አፍሮ፣ ወይም ሥራው እንዳያመልጠው ፈርቶ «የለኝም» ይላል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የምናውቀው ልጅ በአንድ ድርጅት ተቀጠረ። የድርጅቱ ስም ይቅር። በቃል የተነገረው «በወር 8,000 ብር ታገኛለህ» የሚል ነበር። ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል፤ መነሻ ደመወዝ 3,000 ብር፣ ሌላው ከመቶ 2 ኮሚሽን። እስቲ ሂሳቡን በደብተራችሁ ሥሩት። ቀሪውን 5,000 ብር ለማግኘት በየወሩ የ250,000 ብር ዕቃ መሸጥ አለበት! ኮሚሽኑም የሚከፈለው ባለሱቁ ገንዘቡን ሲከፍል ብቻ ነው። ባለሱቆቹ በዱቤ ወሰዱ፤ ገንዘቡ ዘገየ፤ ኮሚሽኑም ቀረ። ይባስ ብሎ፣ ያልተሰበሰበው ዱቤ ከተያዡ እንደሚጠየቅ በውሉ ተጽፎ ነበር። ተያዡ አጎቱ ናቸው። ለዘመድ ብለው በገቡት ዋስትና ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጡ!

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥና ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ይደነግጋል። የቅጥር ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና የደመወዙን መጠን የመሳሰሉትን ዘርዝሮ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። በዚሁ አዋጅ ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ስለዚህ ከደመወዝ ላይ የሚታሰብ ክፍያ ሲመጣ፣ መነሻ ደመወዙ ትንሽ የሆነ ሰው የሚያገኘውም ትንሽ ነው።

እንግዲህ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ቢያንስ እነዚህን ይጠይቅ፦

1ኛ/ መነሻ ደመወዙ ስንት ነው? ኮሚሽኑስ ከመቶ ስንት?

2ኛ/ ኮሚሽኑ የሚታሰበው ዕቃው ሲሸጥ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲሰበሰብ?

3ኛ/ የመጓጓዣው ወጪ የማን ነው?

4ኛ/ ያልተከፈለ ዱቤና የጠፋ ዕቃ በማን ላይ ይወድቃል? ተያዡስ እስከ ስንት ብር ይጠየቃል?

ይህን በትሕትና መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እንዲያውም ደህና ጠያቂ «ይህ ልጅ ገንዘባችንንም እንዲህ ይጠብቅልናል» ብሎ ያስባል። በጥያቄው የሚቆጣ ድርጅት ካለ ደግሞ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

እናንተም ፊደል የቆጠራችሁት ደብዳቤ ለማንበብ ብቻ አይደለም። ልጃችሁ ውል ይዞ ሲመጣ፣ ወይም የወንድማችሁ ልጅ «ተያዥ ሁኑልኝ» ሲል፣ ወረቀቱን ተቀብላችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበትና ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ፈርሙ።